የወተትና የሩዝ ዋጋ

ለዚያ ሰርግ የተጠራሁት መጠጥ ስለማልቀምስ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። አብሮኝ የሚሠራ የህሞንግ ልጅ አለ፤ ህሞንግ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ሕዝብ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንሶላ አብረን ቀይረናል፣ አዛውንት አብረን አገላብጠናል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሱ ሩዙን እኔ ሽሮዬን ይዘን ማይክሮዌቭ ፊት ተሰልፈናል። አንድ ሌሊት "ቅዳሜ ትገባለህ?" አለኝ።

"አልገባም።"

"ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ከእኛ ወገን ወደ ሴቷ ቤት ሄዶ መኪና ለመንዳት በሚያበቃ ሁኔታ የሚመለስ ሰው የለም። አንተ ደግሞ አትጠጣም።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ? እኔን ሾፌር አደረጉኝ።

የሙሽራዋ ቤተሰብ የሚኖረው ኦ ክሌር፣ ዊስኮንሲን ነው። ከሴንት ፖል የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ። ሰባት ሰው የሚይዝ ቫን ተሰጠኝ።

ሚኒሶታ የኖረ አበሻ ህሞንጎችን ያውቃቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ የእኛ ሱቅና የእነሱ ሱቅ ጎን ለጎን ነው። ቅዳሜ ሚጥሚጣ የሚሆን ቃሪያ ስንፈልግ እነሱ ገበያ እንሄዳለን፣ ዶሮ ከነነፍሱ የሚሸጡትም እነሱ ናቸው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ደግሞ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በጂምናስቲክ ወርቅ ያገኘችውን ሱኒ ሊን ታስታውሱ ይሆናል። የሴንት ፖል ልጅ ናት፣ የህሞንግ ልጅ።

ታሪካቸው ረጅም ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ ልበል። ጥንት ከደቡብ ቻይና ተራሮች ናቸው። ከዚያ ወደ ቬትናም፣ ላኦስና ታይላንድ ደጋ ወረዱ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሲ.አይ.ኤ. ላኦስ ውስጥ በድብቅ ሲያዋጋ ወታደሮቹ በብዛት እነሱ ነበሩ፤ መሪያቸው ጄኔራል ቫንግ ፓዎ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ጥላቸው ስትወጣ ሜኮንግን በሌሊት እየዋኙ፣ በቀርከሃ እየተንሳፈፉ ወደ ታይላንድ ተሻገሩ። ስንቱ እዚያው ወንዙ ውስጥ ቀረ። የተረፈው በስደተኛ ካምፕ ዓመታት ቆይቶ ወደ አሜሪካ፣ ፈረንሳይና አውስትራሊያ ተበተነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው፣ እንደ ሴንት ፖልና አካባቢዋ የተሰባሰቡበት ከተማም የለም።

የሰርጋቸው ነገር የሚጀምረው ከስም ነው። ህሞንግ በጎሳ ነው የሚቆጠረው፤ አሥራ ስምንት ናቸው ይባላል። ቫንግ፣ ሲዮንግ፣ ያንግ፣ ሊ፣ ሞዋ፣ ታኦ፣ ቩ... የጎሳው ስም የአባት ስም ሆኖ መታወቂያ ላይ ይጻፋል። አንድ ስም ያላቸው አይጋቡም። አንዱ ከላኦስ ሌላዋ ከፈረንሳይ ቢመጡ፣ ዘር ማንዘራቸው ተገናኝቶ ባያውቅ እንኳ፣ "ያንግ ነኝ" "እኔም ያንግ ነኝ" ከተባባሉ ወንድምና እህት ናቸው። ጓደኛዬ "እኛ ቆንጆ ልጅ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስልኳን አይደለም፣ የአባቷን ስም ነው" ይላል። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን አልኩት። ጣቱን አጥፎ መቁጠር ጀመረና "የእናንተ ሂሳብ ይጠይቃል፣ የእኛ ይቀላል" አለኝ።

እና ሴት ልጅ ስታገባ የግድ ወደ ሌላ ጎሳ ነው የምትሄደው። የአባቷን ስም አትጥልም፤ በልማዳቸው እንደያዘችው ትኖራለች። የምትለውጠው ሌላ ነገር ነው።

እሱን ጓደኛዬ ከሰርጉ በፊት ነው ያጫወተኝ። ወንድሙ ልጅቷን ወደ ቤታቸው ያመጣት ቀን በሩ ላይ አስቁመዋቸው ነበር። አባቱ ከነነፍሱ አውራ ዶሮ ይዘው ወጡ። ክንፉን አፍነው ይዘው ከሁለቱ ልጆች ራስ በላይ ያዞሩታል፣ እያዞሩ ያነበንባሉ። ዶሮው ክፉውን ጠርጎ ያስቀራል፣ የልጅቷንም ነፍስ ለቤቱ አማልክትና ለሞቱት አያቶች ያስተዋውቃል። ከዚያ ደፉን ተሻገረች። በሦስተኛው ቀን ነፍሷ በመንገድ እንዳትቀር በዶሮና በእንቁላል ተጠራች፣ ዘመድ ሁሉ እጇ ላይ ነጭ ክር አሰረላት።

"ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእኛ ናት" አለኝ። "አባቷ ቤት መጥታ ልትስቅ፣ ልትበላ ትችላለች። መውለድ ግን አትችልም። መሞትም አትችልም።"

"መሞት አትችልም ማለት?"

"የአባቷ ቤት መናፍስት አያውቋትም። እዚያ ብትሞት ማን ይቀበላታል?"

ይህን ሲለኝ አንድ አዛውንት ደወል ደውለው ተነሳን። ሌሊቱን ሙሉ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የወንዱ ወገን ለወላጆቿ ስለሚከፍለው ገንዘብ ስትሰሙ ይህንን ያዙልኝ። አንዲት ልጅ በአንድ አውራ ዶሮ ዙር የምትሞትበትን ቤት ትቀይራለች። የሚከፈለው ገንዘብ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጅቷ የወንዱ ቤት በገባች ማግሥት ሁለት መልእክተኞች ሲጋራ ይዘው ወደ ወላጆቿ ሄደዋል። ተንበርክከው "ልጃችሁ እኛ ዘንድ ናት፣ አትፈልጓት፣ አትጨነቁ" ብለዋል። ወላጆች እንግዲህ ይቆጣሉ። መቆጣት ግዴታ ነው፤ የልብም ይሁን የወግ። እዚህ ቤት ግን ሁሉም ነገር አስቀድሞ በቴክስት ተነግሯል። እናትየው ጠዋት "መቼ ነው የምትመጡት? ዶሮ ልግዛ ወይ?" ብላ ጠይቃ ማታ መልእክተኛ ሲመጣ እንደ ደነገጠ ሰው ሆናለች። ይሄ በጣም አሳቀኝ። የእኛ ሽማግሌዎች "እስቲ ልጅቷን ጠይቀን እንመልሳለን" ሲባሉ ልጅቷ ጓዳ ሆና ቡና ስትቆላ ታወሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ቤት ደረስኩ። ሳሎኑ ጢም ብሏል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተቀምጧል፣ ተጠቅልሎ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ባለው የጥምጣም ጨርቅ ታስሮ። ወደ ጎን ገፍቼ የቡና ስኒዬን ላስቀምጥ ስል አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። አልተቆጡም፣ ብቻ ያዙኝ። ጓደኛዬ በጆሮዬ "ሙሽራዋ ማለት ናት" አለኝ።

ያን ጃንጥላ የያዙት ሰው ከሁለቱ የወንድ ወገን አማላጆች አንዱ ናቸው። ሜይ ኮንግ ይባላሉ። ሁለት ከወንድ ወገን፣ ሁለት ከሴት ወገን። ሽማግሌ ብላቸው አይበቃም፤ ሽማግሌም፣ ጠበቃም፣ ዘፋኝም፣ ዋስም ናቸው። ሁለት ወላጆች ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ነውር ነው። ሁሉ ነገር በእነዚህ በአራቱ አፍ ነው የሚያልፈው።

ቫኑ ውስጥ ጃንጥላው የመጀመሪያውን ወንበር ያዘ። እውነቴን ነው፣ ቀበቶ ታሰረለት።

ኦ ክሌር ስንደርስ በሩ ተዘግቶ ጠበቀን። ከውስጥ የሰው ድምፅ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የሥጋ መክተፊያ ጠክ ጠክ ይሰማል፣ በሩ ግን ዝግ። አማላጁ ጃንጥላውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ዜማ ጀመሩ። ዣ ጮንግ ይሉታል፣ የሰርግ ዜማ ማለት ነው። ፉከራ አይደለም፣ ሆታ አይደለም። ወደ ቅኔ ዘረፋ ይጠጋል፣ ረጋ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ የሚረዝም። በሩ እንዲከፈት አንድ ዜማ አለ። ጠረጴዛ እንዲዘረጋ ሌላ ዜማ። ጃንጥላው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ሌላ። ለዘመናት በጽሑፍ ሳይሆን በቃል የተያዘ ነው፤ ቋንቋቸው በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላኦስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የቆመው ሁለተኛው አማላጅ ወጣት ነው፣ ሠላሳም አልሞላው። የረሳ መስሎት ስልኩን ከኪሱ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ አየሁት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጠቀሰኝ።

በሩ ተከፈተ። ጃንጥላው ተሰቀለ። አራቱ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። መጠጥ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይቀርባል፣ ነጠላ ብርጭቆ የለም። የሙሽራው ወገን ለምን ሾፌር እንደፈለገ ያኔ ገባኝ።

እኔ እንግዲህ ወደ ገንዘቡ ይገባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልገቡም።

የሴት ወገን አማላጅ አንድ የድሮ ጉዳይ አነሱ። ጓደኛዬ በሹክሹክታ ተረጎመልኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ከሙሽራው ጎሳ አንድ ሰው ከሙሽራዋ ጎሳ ሴት አግብቶ ነበር። ፍሬስኖ፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሌላ ሴት ያዘ፣ ሚስቱን ከሦስት ልጆች ጋር ጣላት። ሽማግሌ ተልኮበት አልመጣም። ይቅርታ አልጠየቀም። "አሁን ከዚያው ቤት ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ ልጅ ስጡን ይላል። የመጀመሪያዋ ጉዳይ የት ደረሰ?"

ሙሽራው ያን ሰው አያውቀውም። ያኔ ዳይፐር የሚያደርግ ሕፃን ነበር። ዘመድነታቸውም በስም ብቻ ነው። የወንድ ወገን አማላጆች ተነስተው ጥግ ላይ ከአባትየው ጋር ተማከሩ፣ ተመለሱ፣ ተከራከሩ። በመጨረሻ 200 ዶላር ቅጣት፣ ሁለት ብርጭቆ መጠጥ፣ ስግደት ተባለ። ሙሽራውና ሚዜው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ግንባራቸውን ወደ መሬት አወረዱ። ከሴት ወገን ወንበር ላይ አንዲት አምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጁን ቁልቁል ያዩታል። እሳቸው ራሳቸው ይሁኑ እህታቸው አልጠየቅኩም። ፊታቸውን አይቼ መጠየቅ አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ነው እህቴ ትዝ ያለችኝ።

የታላቅ እህቴ ሰርግ አዲስ አበባ ነበር። ሦስት ሽማግሌ መጣ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" ብለው። አባቴ በወጉ አንዴ መለሳቸው፣ ሁለተኛ ተቀበላቸው። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። በጥሎሹ ዕለት ሻንጣው ተከፍቶ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ወርቁ አንድ በአንድ እየተነሳ ታየ፣ እልልታው ሰፈሩን አደረሰው። በሁለተኛው ዓመት ትዳሩ ሲበላሽ፣ እህቴ ዓይኗ አብጦ ሌሊት ቤታችን ስትመጣ፣ እማዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ደወለች። አንዱ ታመዋል ተባለ። አንዱ "የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ምን አገባን" አሉ። ሦስተኛው ስልክ አያነሱም። ሊያጋቡ የመጡት ሰዎች ሊያዩዋት እንኳ አልመጡም። እሷ ዛሬ ደህና ናት፣ ራሷን ችላ ትኖራለች። እኔ ግን ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሰርግ ላይ ሳይ አሁንም ሆዴ ይቆርጠኛል።

እና ያ የ200 ዶላር ቅጣት ለእኔ ትልቁ ነገር ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ "የዚያች ሴት ነገርስ?" አለ። ለማያውቀው ሰው ጥፋት አንድ ልጅ ተንበረከከ።

ገንዘቡ ላይ ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የመነሻው ጥያቄ 8,000 ዶላር ነበር። ወጣቱ አማላጅ ሙሽራው ገና ተማሪ እንደሆነ፣ ሁለቱም የትምህርት ብድር እንዳለባቸው ተናገረ። የሴት ወገን "ልጃችን ፋርማሲስት ልትሆን ነው" አሉ። የወንድ ወገን "ታዲያ ለማን ነው የምትሆነው፣ ለእኛ እኮ ነው" ለማለት ሲዳዳቸው ጓደኛዬ አባቱን በዓይኑ ገላመጠ። በ6,500 አለቀ። የአሳማው፣ የመጠጡ ለብቻ። ለእናት ወንድም፣ ለአጎቶች፣ ለወንድሞች ደግሞ ትንንሽ ፖስታዎች። መቶ መቶ ዶላሩን ሁለት ሰው ቆጠረ፣ ሁለት ሰው ደግሞ ቆጠረ፣ በወረቀት ተጻፈ፣ አራቱም አማላጆች ፈረሙ። ትዳሩ ነገ ቢታወክ መጀመሪያ የሚጠሩት እነዚህ አራት ስሞች ናቸው። ጥፋቱ የባል ከሆነ ገንዘቡ አይመለስም። የእሷ ነው ከተባለ ይመለሳል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለዩት እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው።

ዋጋው ከቤት ቤት ይለያያል። ከአምስት ሺህ እስከ አሥር ሺህ ዶላር ሲነሳ ይሰማል። የጎሳ መሪዎች "ከዚህ አይለፍ" እያሉ ጣሪያ ሊያበጁለት ሞክረዋል። ላኦስ እያሉ ክፍያው በብር ነበር፣ በጥፍጥፍ ብር። የጓደኛዬ አባት ለሚስታቸው አራት ጥፍጥፍ ከፍለዋል። እኛም ገንዘባችንን "ብር" ስንል መነሻው እሱ ማዕድን መሆኑን ረስተነዋል። ለእነሱ ግን ብር ዛሬም ብር ነው፤ ሙሽራዋ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ትልቅ የብር ጌጥ ስትራመድ ይንኳኳል። ቀሚሷ ላይ የተሰፉት ሳንቲሞች የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን ፒያስትር አምሳያ ናቸው። አያቴ ማርያ ቴሬዛ ጠገራ አስቀልጣ የአንገት መስቀል ማሠራቷን ነገርኳቸው። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነገሩ ምንም አልገረማቸውም።

ይህን ክፍያ ፈረንጅ "የሙሽራ ዋጋ" ይለዋል። በአማርኛ ምን እንደምለው ተቸግሬያለሁ። ጥሎሽ አይደለም፤ ጥሎሽ የሙሽራዋ ነው፣ ይሄ የወላጆቿ ነው። ማጫ ልለው አስቤ ነበር፣ ማጫ ደግሞ እኛ ዘንድ ከአገር አገር ትርጉሙ ይለያያል። እነሱ ሲያቆላምጡት ንጊ ሚ ንጊ ህኖ ይሉታል፤ የወተት ዋጋ፣ የሩዝ ዋጋ። ያጠባቻት፣ ያጎረሰቻት እናት ድካም ማለት ነው። "ሴት ገዛን" ብትላቸው ይቀየማሉ። ሌላ የቆየ ስም ግን አለው፣ እሱ የራስ ዋጋ ማለት ነው። እንግዲህ ወተትም አለ፣ ራስም አለ። የትኛው እንደሚነሳ የሚወሰነው ትዳሩ ሰላም ሲሆንና ሳይሆን ነው መሰለኝ። ባል ሲቆጣ "ከፍዬብሻለሁ" ይላል። ያኔ ወተት የሚል የለም።

ይህን የሚሉት እኮ የህሞንግ ሴቶች ራሳቸው ናቸው። አሜሪካ ያደጉት አንዳንዶቹ ጭራሽ ይቅር ብለው ተከራክረዋል፤ ወላጆቻቸውን አስከፍተው ያለ ክፍያ ያገቡ አሉ። ክርስቲያን የሆኑ ቤተሰቦች ደግሞ ዶሮውን ትተው፣ መጠጡን በለስላሳ ተክተው ድርድሩን ብቻ ያስቀራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ሳትፈልግ ጎትቶ መውሰድ የሚባል ልማድ ነበራቸው። እንደ እኛ ጠለፋ። አንዳንዱ ጨዋታ ነው፣ ልጅቷ ተስማምታ ለወግ ታለቅሳለች። አንዳንዱ ጨዋታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሬስኖ ውስጥ አንድ ወጣት በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ተከሶ "ባህሌ ነው" አለ። ክሱ ቀለለለት። 120 ቀን እስርና 1,000 ዶላር ቅጣት፤ ከቅጣቱ አብዛኛው ካሳ ተደረገ። ይህን ሳነብ "አሜሪካም?" ብዬ ነበር። ቀጥሎ አፈርኩ። እኛ አገር እኮ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ሕግ ነበረን።

ወደ ኦ ክሌር ልመለስ። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የስጦታው ተራ መጣ። ወላጆቿ ልብስ፣ ጥልፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የብር ጌጥ ሰጧት፤ ያ የእሷ ነው፣ ማንም አይነካባትም። ዘመድ እየተነሳ ገንዘብ ይሰጣል፣ ማን ስንት እንደሰጠ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ነገ ሲደርስ ይመለሳል። ደብተሩን የያዘው ልጅ የእኛን የለቅሶ ዕድር ጸሐፊ ቁርጥ ነው፣ እስክሪብቶው ጆሮው ላይ። ለእያንዳንዱ ስም ሙሽራውና ሚዜው ይሰግዳሉ። ለሞቱት አያቶች ይሰግዳሉ። ለእናት ወንድም ይሰግዳሉ። ለምድጃው ሳይቀር። ከሠላሳ በላይ ስቆጥር ተውኩት። ሚዜው በሱሪው ሥር የቮሊቦል ጉልበት መከላከያ አድርጓል። ወንበር ስሰጠው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አሳየኝ፣ "ሦስተኛ ሰርጌ ነው" አለኝ።

ሙሽራዋስ? መኝታ ቤት ነበረች። ከወንዱ ወገን የተመደበች አንዲት ልጅ አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ለአፍታም አትለያትም። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ቆጠራ፣ የሴትየዋ ጉዳይ፣ የፋርማሲው ነገር፣ ግድግዳ ለይቶት። ማእድ ቤት ሴቶች መክተፍ ላይ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድም ሴት አልነበረችም። እኔ እንግዳው፣ ቋንቋውን የማልሰማው፣ ሾፌሩ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ነበረኝ።

ስንወጣ ጃንጥላው በዜማ ተመለሰ። አሁን ሙሽራዋም ቫኑ ውስጥ አለች። መንገድ ላይ ወግ አለ፤ ቆም ብሎ ምሳ መብላት። ድሮ በእግር ሲኬድ፣ በተራራው መካከል፣ በሙዝ ቅጠል የታሰረው ሩዝና ዶሮ ይፈታና ለቦታው መናፍስት ተቆርሶ ይበላ ነበር። አሁን የአውራ ጎዳና ማረፊያ ነው፣ ከሽንት ቤቱና ከለስላሳ መሸጫ ማሽኑ አጠገብ። ስሙ ምሳ ነው፣ ሰዓቱ ግን ከምሽቱ አሥራ ሁለት። ትልቁ አማላጅ ቁንጥር ሩዝና ዶሮ ሣሩ ላይ አስቀምጠው አነበነቡ። የጭነት መኪና ሾፌር ሳንድዊቹን ይዞ ቆሞ ያየናል።

የሰኔ ጾም ነበር። ዶሮና እንቁላል ፊቴ ተዘረጋ። አልበላም ማለት ነውር፣ መብላት ደግሞ... ሁሉም እጄን ያያሉ። ጓደኛዬ ለሽማግሌው ነገራቸው። ትንሽ አሰቡና ከሩዙ ጨብጠው፣ በጨውና በርበሬው ነክረው በእጃቸው ሰጡኝ። ጉርሻ ሊባል ይችላል። በላሁ። ሁሉም ተነፈሱ።

ሙሽራዋ አጠገቤ እንጨቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የብር ጌጡን አውልቃ አንገቷን እያሸች ነበር። ትልቅ ሰው ቢሆን አልጠይቅም ነበር። "ገንዘቡ ሲቆጠር ባለመኖርሽ ቅር አለሽ?" አልኳት።

"ባይከፍሉ አክስቶቼ ዕድሜ ልኬን 'በነፃ ሄደች' ይሉኛል" አለች። እንቁላሏን ላጠች። "ሲከፍሉ ደግሞ አማቴ ድስት በታጠበ ቁጥር ቁጥሩን ታስታውሰዋለች። እማዬ ስታለቅስ አየሃት? እሷም ያን ገንዘብ አትነካውም፣ አስቀምጣ ልጅ ስወልድ ነው የምትመልስልኝ። ለአባዬ እንዳትነግረው።"

"እሺ።"

"ግን ጠረጴዛው ላይ ብሆን የትምህርት ብድሬን አላስነሳም ነበር" አለችና ሳቀች።

ማታ ሴንት ፖል ሁለተኛው ድግስ ተጀመረ። አማላጆቹ በሥጋና በትንሽ ገንዘብ ተመሰገኑ። ጃንጥላው ተፈታ። ወጣቱ አማላጅ ሶፋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ጥሎታል።

እሁድ ለእህቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ዶሮውን፣ ጃንጥላውን፣ የሚዜውን ጉልበት። እየሳቀች ሰማችኝ። ስለ 200 ዶላሩ ስነግራት ዝም አለች።

"ልጁ ተንበረከከ?"

"ተንበረከከ።"

"ሴትየዋስ?"

"ያዩታል ዝም ብለው።"

"ምንም አላሉም?"

"ምንም።"

ትንሽ ቆየች። ከጀርባዋ የሰፈሩ ውሻ ይጮሃል። "ቆይ፣ መብራት ሄደ" አለችኝ፣ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስትከፍት ስትዘጋ ይሰማኛል።